ፎር ዊሉ በመጨረሻ ይጠየቅ፦ ለከተማም ለክፍለ አገርም የሚሆን ትንሽ ኤስዩቪ

አዲስ አበባ ውስጥ ለከተማም ለክፍለ አገርም የሚሆን ከፍ ያለ መኪና ለመግዛት የተነሳ ሰው ከደላላው ጋር ሲነጋገር ብዙ ጊዜ የሚያስቀድመው «ፎር ዊል ነው?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ቀጥሎ የስንት ዓመተ ምሕረት ሥሪት እንደሆነ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተነዳ፣ ቀለሙ የፋብሪካ ስለመሆኑ ይጠይቃል። የጎማው ዓይነት፣ የሆዱ ከፍታ፣ የዳገት አቅሙ፣ በአንድ ሙሌት የሚሄደው ርቀት፣ ከከተማ ርቆ ቢቆም ማን ሊጠግነው እንደሚችል ከተነሱም የሚነሱት ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ነው። የዚህ ዳሰሳ ክርክር ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል የሚል ነው። በእኛ አገር መንገድና ከፍታ፣ ዛሬ ባለው ገበያ፣ ትንሽ ኤስዩቪን ከመንገድ የሚያስቀሩ ነገሮች በየደረጃቸው ቢደረደሩ የፎር ዊል አለመኖር የሚገኘው ከታች ነው። ለብዙው ገዢ እንዲያውም ፎር ዊሉ ተጨማሪ ገንዘብ ሊወጣበት የማይገባ ነገር ነው።

ከውጭ ሲታዩ የሚመሳሰሉት ከፍ ያሉ መኪኖች ከስር ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ወገን እንደ ላንድክሩዘር ቦዲው ራሱን በቻለ ሻንሲ ላይ የተቀመጠ፣ ለጭነትና ለድንጋይ የተሠራ ነው። ሱዙኪ ጂምኒ በመጠን ቢያንስም የዚሁ ዘር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አራተኛ ትውልዱ እንኳ ሻንሲውንና ፎር ሎው የሚባለውን ከባድ ማርሽ አልተወም። ሁለተኛው ወገን ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1994 ራቭ ፎርን ካወጣ ወዲህ ዓለምን ያጥለቀለቀው ነው፤ የቤት መኪና አሠራር ከፍ ተደርጎ፣ በሩ ሰፍቶ፣ የዕቃ መጫኛው ተጨምሮበት። ሃዩንዳይ ቱሳን፣ ኪያ ስፖርቴጅ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ያለው ሱዙኪ ቪታራ፣ ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ፣ ፎልክስዋገን አይዲ ፎር ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2015 በፊት የነበረው የግራንድ ቪታራ ትውልድ በመካከል ይቆማል፤ ከቦዲው ጋር የተዋሐደ ሻንሲ አለው፣ ብዙዎቹም ፎር ሎው አላቸው። ይህን ልዩነት ያልያዘ ገዢ የኋላ በሩ ላይ በተለጠፈው ምልክት ብቻ ከሁለተኛው ወገን የመጀመሪያውን ሥራ ይጠብቃል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ምርጫውን ከፋብሪካው ይልቅ ሕጉ ቀርጾታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥር እያከበደ ቀረጠ። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በኤሌክትሪክ ከሚሠራው በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ገለጹ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ የሁሉም መኪና ዋጋ ሌላ ደረጃ ላይ ወጣ። ስለዚህ የዛሬ ገዢ ፊት ያሉት ሁለት ምድቦች ናቸው፦ አገር ውስጥ ቀድሞ የገባ፣ የተነዳና ዋጋው የማይወርድ የቤንዚን መኪና፣ ወይም በአብዛኛው ከቻይና የሚመጣ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና። ስለሆነም የውጭ አገር ግምገማዎች ሃያና ሠላሳ ሞዴል እየደረደሩ የሚያወዳድሩት ብዙ አይረዳንም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ከስር መጀመር አለበት። የከተማ መኪናና የጉዞ መኪና ሁለት የተለያዩ ፍላጎቶች ናቸው የሚባለው አስፋልቱ እስከ ቤት በር በሚደርስበት አገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከዋናው መንገድ የታጠፈ መኪና ኮብልስቶን፣ ከዚያ አልፎ ኮረኮንች፣ በልክ ያልተሠራ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታና ክዳኑ የጠፋ ማንሆል ይጠብቀዋል። መኪናው ቅዳሜ ወደ መናገሻ ሱባ ሲወጣ የሚገጥመው ፒስታ የሰኞው መንገድ ታላቅ ወንድም ነው። ስለዚህ የሆድ ከፍታ ለጉዞ ብቻ የሚፈለግ ነገር አይደለም። ጂምኒ 210 ሚሊ ሜትር፣ ቪታራ 185፣ ዩዋን ፕላስ 175 ገደማ ከመሬት ከፍ ይላሉ። ቁጥሮቹ ግን ለባዶ መኪና ናቸው፤ አምስት ሰው፣ ሻንጣና ጀሪካን ሲጫን የኋላው ይወርዳል፣ የሚነካውም መጀመሪያ መሐሉ ነው። በቤንዚን መኪና እዚያ የሚነካው ማርሚታ ወይም የዘይት መያዣ ነው፤ በኤሌክትሪኩ የመኪናው ትልቁ ዋጋ የሆነው ባትሪ ነው። ከስር ያለው ከለላ ላሜራ አለ ወይ፣ ተጣምሟል ወይ ብሎ ጎንበስ ብሎ ማየት ከቀለሙ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው።

ከሆዱ ቀጥሎ ጎማው ይታይ። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ማንበብ የሚችል ገዢ ከደላላው የተሻለ መረጃ አለው። ጂምኒ ላይ 195/80 አር 15 የሚል ይገኛል። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለተኛው የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደሆነ ይነግራል፤ ሦስተኛው የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። የ195 ሰማንያ በመቶ 156 ሚሊ ሜትር ነው፤ በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ያን ያህል ጎማና አየር አለ ማለት ነው። 235/50 አር 18 የተገጠመለት መኪና ያለው 117 ሚሊ ሜትር ነው። ኮረኮንች ላይ ድንጋይ ሲመታ አራት ሴንቲ ሜትሩ ልዩነት ቸርኬው በመጣመምና ባለመጣመሙ መካከል ያለ ነው። የሻጩን ዓይን የሚስበው ትልቁና የሚያብረቀርቀው ቸርኬ፣ ለጉዞ ሲሆን የመኪናው ደካማ ጎን ነው። በዚህ ላይ በርካታ የኤሌክትሪክ መኪኖች ስኮርታ ይዘው አይመጡም፤ በምትኩ የሚሰጡት መድፈኛ ፈሳሽና ትንሽ ፓምፕ ሚስማር ለወጋው ጎማ እንጂ ጎኑ ለተቀደደ አይሠራም። ከወሊሶ ወዲያ ጎሚስታ ቢገኝ እንኳ በዚያ ልክ የተሠራ ጎማ ላይገኝ ይችላል። ስኮርታና ክሪክ ለብቻ ገዝቶ መያዝ የመኪናው ዋጋ አካል ሆኖ መቆጠር አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ ከፍታ ነው፤ የውጭ ግምገማዎች ፈጽሞ የማያነሱትም እሱን ነው። አዲስ አበባ በአማካይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው በአምስት አንድ እጅ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በሚስበው አየር ልክ ነውና ጉልበት የሚሰጠው፣ በካታሎግ 120 የፈረስ ጉልበት ገደማ የተጻፈለት ባለ 1.6 ሊትር ቪታራ እዚህ የሚሠራው በ95 ነው። ባሌ ውስጥ ሳነቴ አምባ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ሲሦው ይጠፋል። አምስት ሰው ጭኖ እንጦጦን የሚወጣ ወይም በጣርማ በር በኩል ወደ ሰሜን የሚያቀና መኪና ለምን እንደሚያቃስት መልሱ እዚህ ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ራሱ ስለሚያምቅ አብዛኛውን ጉድለት ይሸፍናል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ አየር ስለማይፈልግ ምንም አያጣም። የዩዋን ፕላስ 150 ኪሎ ዋት ቦሌም ሳነቴም ያው 150 ነው። በዳገት ብቻ ከተመዘነ ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

ቁልቁለቱ ግን ከዳገቱ ይበልጣል። የዓባይ በረሃን እንውሰድ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ የሚወርደው መንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ከ1,300 ሜትር በላይ ይጥላል፤ ከድልድዩ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ከነጭነቱ 2,100 ኪሎ የሚመዝን መኪና ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ7 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው። ፍሬን ብቻ ከተያዘ ከፊሉን አየርና መንገዱ ይቀንሱታል፣ የቀረው ሁሉ ሸራና ዲስክ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ፍሬኑ ይሸታል፣ ከዚያ ፔዳሉ ይላላል። የቤንዚን መኪና በከባድ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዘው ተደርጎ መውረድ አለበት፤ አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ዝቅ አድርጎ የሚይዝበት ቦታ እንዳለው ከመግዛት በፊት መሞከር ይገባል። የኤሌክትሪኩ ሞተር ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ ይይዘዋል፣ ከጉልበቱም ጥሩ ድርሻ ወደ ባትሪው ይመልሳል። አንድ ጉድለት አለው፦ ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመለሰውን የሚያስቀምጥበት የለም፣ መያዙም ይቀንሳል። ከፍ ያለ ከተማ አድሮ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ ወዲያው ቁልቁለት መጀመር ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። የደጀኑ አቀበት ደግሞ ለመንከባለል ከሚያስፈልገው ውጭ የ60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪን አንድ ስምንተኛ ይበላል፤ የጸጥታው ሁኔታ ፈቅዶ ወደ ጎጃም የሚጓዝ ሰው ሒሳቡን በካርታ ኪሎ ሜትር ብቻ መሥራት አይችልም።

ይህ ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ያመጣናል፦ በአንድ ሙሌት የት ይደርሳል? «ኤሌክትሪክ ከአዲስ አበባ አይወጣም» የሚለው ተቃውሞ ግማሽ እውነት አለውና በቁጥር እንመርምረው። የዩዋን ፕላስ 60.48 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ በቻይና መመዘኛ 510 ኪሎ ሜትር፣ በአውሮፓው 420 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሏል። ባትሪው አንድ ነው፤ የተለየው ፈተናው ነው። እዚህ የሚሸጡት መኪኖች ላይ የሚጠራው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የቻይናው ነው። በፈጣን መንገድ፣ ሰው ሞልቶ፣ ኤሲ ከፍቶ በመቶ ኪሎ ሜትር 19 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢበላ፣ 275 ኪሎ ሜትር የሚርቀው ሐዋሳ 52 ይፈልጋል። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 650 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል መሄዱ ትንሽ ይቀላል፣ መመለሱ በዚያው ልክ ይከብዳል። ስለዚህ «510» የተባለለት መኪና ሐዋሳ ይደርሳል፤ ሳይሞላ ግን አይመለስም። ሐዋሳ ላይ ከግድግዳ ሶኬት፣ በ10 አምፔር፣ በሰዓት የሚገባው 2.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ 50 ለመሙላት አንድ ሙሉ ቀን ገደማ ይፈጃል። ባለ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር ያለው ማረፊያ ከተገኘ በአንድ ሌሊት ያልቃል። ጥያቄው እንግዲህ ከመኪናው ወደ ሆቴሉ ይዞራል፤ ክፍል ከመያዙ በፊት ቻርጀር መኖሩን፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ለእሱ እንደሚደርስ፣ ሶኬቱም ከመኪናው ጋር እንደሚገጥም መጠየቅ ግድ ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና የቻይናን፣ ለአውሮፓ የተሠራው የአውሮፓን ሶኬት ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሁለቱ አይገጥሙም።

የቀረው ግማሽ እውነት ያለው በሌላው ሚዛን ላይ ነው። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ከተማ ውስጥ የሚነዳ ሰው በኤሌክትሪክ 6 ወይም 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃዋል፤ ያ ደግሞ በተራ ሶኬት የሦስት ሰዓት ሥራ ነው። ያንኑ መንገድ አራት ሊትር ገደማ ቤንዚን ይሸፍነዋል፤ የማደያው ሰልፍ ግን ከሊትሩ ይበልጥ ውድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ስላለው አገሪቱ ለመኪና የሚሆን ኃይል አታጣም፤ የሚያነሰው ኃይሉን እስከ ሰፈር የሚያደርሰው መስመርና ትራንስፎርመር ነው። በኤሌክትሪኩ ላይ ከሚነሱት ተቃውሞዎች ትክክለኛው ስለ ኮንዶሚኒየም የሚነሳው ነው። አራተኛ ፎቅ የሚኖር፣ መኪናውን ግቢ ውስጥ የሚያቆም ሰው ከራሱ ቆጣሪ መስመር ካላወረደ በየሕዝብ ቻርጀር ጣቢያው መሰለፉ አይቀርም፤ የኤሌክትሪኩ ትልቁ ጥቅም ለእሱ ይጠፋል። የራሱ ግቢና ቆጣሪ ያለው ገዢና የሌለው ገዢ አንድ ምክር ሊሰጣቸው አይችልም።

አራተኛው ጥያቄ ጠጋኙ ነው። ያገለገለ ራቭ ፎርና ቪታራ ዋጋቸውን ይዘው የቆዩት በውበታቸው አይደለም። መለዋወጫቸው ሶማሌ ተራ ይገኛል፣ አሠራራቸውን ሻሸመኔም ጎንደርም ያለ መካኒክ ያውቀዋል፣ ሲሸጡም ገዢ አያጡም። የኤሌክትሪክ መኪና የሚበላሽ ተንቀሳቃሽ ዕቃው ትንሽ ነው፤ የሞተር ዘይት፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን የለውም። ሲቆም ግን የከፍተኛ ቮልቴጅ ሥራ ማንም ጋራዥ የሚነካው አይደለም፤ የፊት መብራትና ፓራውልት ሳይቀር ትዕዛዝ ሊጠብቅ ይችላል። በወኪል ሳይሆን በነጋዴ በኩል የገባ ከሆነ ደግሞ የስክሪኑ ቋንቋ ቻይንኛ ሆኖ፣ ዋስትናው ሻጩ ሱቁን እስኪዘጋ ድረስ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በኤሌክትሪኩ በኩል ከሞዴል በፊት ሻጭ ይመረጥ፦ የራሱ ጋራዥ ያለው፣ የባትሪ ዋስትና በጽሑፍ የሚሰጥ፣ የመመርመሪያ መሣሪያውን ማሳየት የሚችል።

አሁን ፎር ዊሉ ይምጣ። ስለ እሱ የምንሰማው ምክር ብዙው የተጻፈው በረዶ ባለበት አገር ነው። ዴንቨር ወይም ኦስሎ የሚኖር ዘመድ ያለ ፎር ዊል አትግዛ ቢል ልክ ነው፤ መንገዱ በረዶ የሚለብስበት ወራት አለው። እኛ ጋ ደረቅ ጠጠርና ኮረኮንች ላይ በዝግታ ለሚሄድ መኪና ሁለት ጎማ መንዳቱ ይበቃል፤ የሚያቆመው ሆዱ ወይም ጎማው ነው። የእኛ በረዶ ዋልካ ነው። አደኣና በቾ ክረምት ላይ ጥቁሩ አፈር ሲርስ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ጎማውን ለስላሳ ጥቅል ያደርገዋል። የአስፋልት ጎማ ያለው የትንሽ ኤስዩቪ ፎር ዊል፣ የፊቱ ሲንሸራተት ለኋላው ጉልበት የሚልከው ዓይነት፣ እዚያ የሚያደርገው በሁለት ፋንታ አራት ጎማ በከንቱ ማሽከርከር ነው። ጥርሱ የተራራቀ የጭቃ ጎማ ያለው ባለ ሁለት ጎማ መንጃ መኪና የተሻለ ዕድል አለው። ፎር ዊል ቢኖርም የፍሬንን ርቀት አያሳጥርም፣ ሆድንም አያነሳም። የሚያስፈልገው ሰው የለም ማለት ግን አይደለም፦ እርሻው ወይም ፕሮጀክቱ ክረምት ከበጋ ፒስታ ላይ ያለ፣ ርጥብ ዳገት ላይ ጭነት ይዞ የሚነሳ ሰው ያስፈልገዋል። ለእሱም የሚሆነው ፎር ሎው ያለው ጂምኒ ወይም ግራንድ ቪታራ እንጂ በምልክት ብቻ ፎር ዊል የተባለ የከተማ መኪና አይደለም። ጂምኒ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል፤ ባለ ሦስት በሩ የኋላ ወንበሩ ካልታጠፈ ሻንጣ አይችልም፣ ፈጣን መንገድ ላይም ጆሮ ያደክማል።

ሁለት ተቃውሞዎች ይቀራሉ፤ ከተለያየ አቅጣጫ ይምጡ እንጂ መልሳቸው ተቀራራቢ ነው። አንዱ «ቪትዝ ለሁሉም ይበቃል» ይላል። ቢሾፍቱ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ ብቻ ለሚሄድ፣ የሰፈሩ መንገድም አስፋልት ለሆነ ሰው ትክክል ነው፤ ከፍ ያለ መኪና መግዛቱ የነዳጅና የጎማ ወጪ መጨመር ብቻ ነው። ሌላው «ከላንድክሩዘር በታች ያለው ለገጠር ቀልድ ነው» ይላል። ለኦሞ ሸለቆና ለዳናክል እሱም ትክክል ነው፤ ወደ ዳናክልማ አስጎብኚዎች እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መኪና አይገቡም። ግን በዓመት አንዴ ለሚደረግ ጉዞ ላንድክሩዘር ከነሾፌሩ መከራየት ይቻላል፤ ለዚያ አንድ ሳምንት ሲባል ሌላውን ዓመት ሁሉ ከባድ መኪና ቀለበት መንገድ ላይ ማንፏቀቅ ግን ሒሳብ አይደለም። ትንሽ ኤስዩቪ ቦታው በሁለቱ መካከል ነው፦ ደብረ ሊባኖስ፣ ላንጋኖ፣ ወንጪ፣ አዋሽ ፓርክ፣ በበጋ ዲንሾ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምክር እንደ ገዢው ይለያያል። የራሱ ቆጣሪና ግቢ ያለው፣ ጉዞው በአብዛኛው በ150 ኪሎ ሜትር ዙሪያ የሆነ ሰው ባለ ሁለት ጎማ መንጃ ኤሌክትሪክ ይግዛ፤ ለፎር ዊሉ ሊጨምር የነበረውን ገንዘብ ለቤት ቻርጀር፣ ለስኮርታ፣ ለሆድ ከለላና ቢቻል አነስ ላለ ቸርኬና ወፍራም ጎማ ያውል። ቆጣሪ የሌለው ወይም በየወሩ ሦስትና አራት መቶ ኪሎ ሜትር አንድ መንገድ የሚሄድ ሰው ለጊዜው ያገለገለ ቪታራ ወይም ራቭ ፎር ይሻለዋል፤ ሲመርጥ ግን ሙሉ ሰው ጭኖ እንጦጦ ዳገት ላይ ሳይሞክረው አይዋዋል። ጭቃ ውስጥ የሚሠራው ብቻ ፎር ሎው ያለውን ይፈልግ። «ለጊዜው» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በፈጣን ቻርጀር የተሸፈኑ መንገዶች ከአዲስ አበባ እየወጡ በሄዱ ቁጥር ከኤሌክትሪኩ ተቃዋሚዎች እጅ የሚወድቀው መጀመሪያ የርቀቱ ክርክር ነው፤ የሆድ ከፍታውና የጎማው ጥያቄ ግን ኮረኮንቹ እስካለ ድረስ የትኛውም ሞተር ቢገጠም የሚፈታው አይደለም።